ሦስተኛው ቤት

«ሽማግሌው ደንቆሮ ነው» አለ የማላውቀው ሰው ድምፅ ከኮምፔንሳቶው ማዶ። «ብትጫነው አይሰማም። ብትገፋው አይገባም። በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ወገኖቼ፣ ጌሙ ተበላሽቷል። ከአሥር ሦስት።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እጠርጋለሁ። በዚህ ቤት ያለው ሽማግሌ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ። ብሩሹን አስቀምጬ አዳመጥኩ። ሰውየው ይስቃል፣ አብረውት ያሉትም ይስቃሉ። «ሠሪዋ የጂንካ ልጅ ናት አሉኝ። እዚያ አገር በር እስኪከፈት ዓመት ይፈጅ እንደሆነ እንጃ» አለና እንደገና ሳቁ። ከዚያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ሳቅ። ሦስት ጊዜ ደንቆሮ ተባልኩ። የሚሰደበው እኔ ሳልሆን በትጊ ጌም ውስጥ ያለው ሽማግሌ መሆኑ የገባኝ በሦስተኛው ላይ ነው። ልዩነቱ ግን ብዙ አይደለም።

ትጊ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ ስምንት ሆኗታል። ቤታችን ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ነው። አንድ ክፍል ነበር፤ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈልኩት። በእሷ በኩል አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በአሥራ አራት ሺህ ብር የገዛችው ያገለገለ ኮምፒውተር አለ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ከባለ ካሬ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተለብጧል። ካሬዎቹን በእርሳስ እያጠቆረች ሰው ታወጣለች፣ ድንጋይ ታወጣለች፣ በር ታወጣለች። ደብተሩ አሥራ ሁለት ብር ነበር፤ ዛሬ ስልሳ አምስት ገብቷል። ሲያልቅባት ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። አትጠይቀኝም፣ አታመሰግነኝም። እንዲሁ ነው የምንኖረው።

ጌሙ የድሮ ጌም ይመስላል። ሆን ብላ ነው። ልጅ ሳለች ገበያው አጠገብ ቴሌቪዥን ላይ ካሴት ሰክተው በሃምሳ ሳንቲም የሚያጫውቱበት ቤት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ እዚያ አገኘኋትና በጆሮዋ ጎትቼ አወጣኋት። ያን ቀን ስታጫውተው የነበረው ሰውዬ ከካሬ የተሠራ ነበር፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። የእሷም እንደዚያ ነው፤ ቀለሙ ሦስት ብቻ። አንድ ሽማግሌ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይዞ ዘጠኝ ቤት ያደርሳል። መንገድ ላይ ቦይ ይዘላል፣ ድንጋይ እየገፋ መወጣጫ ይሠራል፣ ቀይ አፈር ከተማ ሲደርስ የጭነት መኪና ላይ ይንጠላጠላል፣ በኮልቾ ገደል አፋፍ ይሄዳል፣ ኦሞን በጀልባ ተሻግሮ ካንጋተን ይገባል። ሁሉም መንገድ እንቆቅልሽ አለው፤ ሳያስቡ አይታለፍም። ሽማግሌው ሲሄድ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። እኔም መንገድ ሥራ ሳለሁ በርሜል ወድቆብኝ ግራ እግሬን እጎትታለሁ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ያ የሚስቀው ልጅ የአብሥራ ይባላል። አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ስለ ጌም ሲያወራ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ያየዋል። የድሮ ዓይነት ጌሞች ውድድር አለ፤ ዳኛው እሱ ነው። መጀመሪያ ብቻውን ተጫውቶ የተሰማውን ይናገራል። ቀጥሎ በቀጥታ ስርጭት፣ ሠሪው በስልክ መስመር ላይ እያለ፣ እንደገና ይጫወትና የመጨረሻውን ነጥብ ይሰጣል። ሰባትና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ ተቆርጦለት ጌሙን አሳምሮ ያወጣል። የትጊ ተራ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። ካንጋተን የዳታ ሥራ አግኝታለች፤ መቀበሏን ፈርማ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ካላስገባች ለተጠባባቂ ይሰጣል። መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል። ካንጋተን መጥፎ አገር አይደለም፤ ሁለት ዓመት መንገድ ሠርቼበታለሁ። ግን ቀን ቢሮ ውሎ፣ ማታ በዚያ ሙቀት ካሬ ማጥቆር አይሆንም። እሷም ታውቀዋለች። ሰኞ ዕለት «ሰባት ካልመጣ እፈርማለሁ፣ ጌሙንም እተወዋለሁ» አለችኝ። «ጥሩ» አልኳት። ጥሩ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳጊ መጣ። የቀይ አፈር ልጅ ነው፤ የጌሙን ሙዚቃ የሠራው፣ ጽሑፉንም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው እሱ ነው። አራት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ አንዱ አሥራ አምስት ብር፤ ውስጡ ምስሩ አይታይም። እየበላ፣ ጌሙን ከኢንተርኔት አውርደው የሞከሩ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ከስልኩ ላይ እየተረጎመ አነበበልን። ናይሮቢ ያለች አንዲት ሴት «በሦስት ቀለም ይህን ሁሉ አገር ማሳየት ችሎታ ነው» ብላ ሙዚቃውንም አመስግናለች። ዳጊ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሴትዮዋ ግን የተጫወተችው እስከ ሁለተኛው ቤት ነው። ሌላው ሽማግሌው ቀርፋፋ ነው ይላል። ፖላንድ ያለ አንድ ሰውዬ ደግሞ አራት ሰጥቷል፦ «ያምራል፣ ግን አይሠራም። ‹ቤቶች› የሚል ቁልፍ አለ፤ ብትጫነው ቤት አያሳይህም፣ ምንም አያደርግልህም።»

ትጊ ቀና አለች። «የቁልፉን ነገር እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

«እንግሊዝኛው ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ሀውስስ።»

«ሀውስስ?»

«ቤት ሀውስ፣ ቤቶች ሀውስስ! ምን ትላለች ይቺ? አምስተኛ ክፍል የተማርነው ነው እኮ።»

«አንተ! እናትህ በር ላይ ቆሜ ‹ቤቶች› ስል ቤት እየቆጠርኩ ነበር የመሰለህ?»

ዳጊ ሳምቡሳው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ወይኔ» አለ፣ በቀስታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ሰዎቹ ደጅ ተቀምጠዋል፤ ጥሪውን ተቀብለው ያሳልፋሉ። የተዘጋ በር የሚመጣው በሦስተኛው ነው። ሽማግሌው በሩ ጋ ሲደርስ ያን ቁልፍ ተጭነው «ቤቶች!» ያሰኙታል። ከዚያ እጅን ከቁልፉ አንስቶ መጠበቅ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ይነሳል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ «ደጆች! ይግቡ!» ይላል። እኔ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። ከዚያ በፊት እግሩን ካንቀሳቀሱት ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግቡ ሳይባል ሰው ቤት አይገባማ። ትጊ ስታስሞክረኝ ይህ እንቆቅልሽ መሆኑንም አላወቅኩም፤ በሩን አይቼ ጠራሁ፣ ጠበቅኩ፣ ገባሁ። ዳጊም አለፈው፣ የዳጊ እናትም አለፉት። ከመውጣቱ በፊት የሞከርነው እኛ ብቻ ነን። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

«የፈረንጁስ ይሁን» አለች ትጊ። «የአብሥራ አማርኛ እየተናገረ እንዴት ይጠፋዋል?»

«ኮንዶሚኒየም ያደገ ነው» አለ ዳጊ። «እነሱ ሰው ቤት ሲሄዱ ከታች ይደውላሉ። ‹ደርሻለሁ፣ ውጡ› ነው። የቤቶች ዝርዝር የሚያወጣለት መስሎት ነው ሲደበድበው የነበረው።»

«ንገሩት ታዲያ» አልኩ።

«አይቻልም ጋሼ» አለች። «ሠሪው ፍንጭ ከሰጠ ጌሙ ይሰረዛል። ዳጊም ሠሪ ነው።»

«ካልነገራችሁት ሦስት ነው የሚሰጥሽ።»

«ይገባው ይሆናላ።»

አራተኛውን ሳምቡሳ ማንም አልነካውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የትጊን ስልክ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥነው። በዚህ ቤት የእሷ ስልክ ለጥሪ በደንብ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ድምፁ በእሷ ስልክ ይመጣል፤ ምስሉን በዳጊ ስልክ እናያለን። የአብሥራ ቀጭን ነው፤ ጢሙ ገና ነው፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርጓል። ከኋላው ሁለት ጓደኞቹ ሶፋ ላይ ተጋድመዋል። ጌሙ በምስሉ ጥግ ላይ ይታያል፤ ከሥር የሰው አስተያየት እንደ ጎርፍ ያልፋል።

«ትዕግሥት! የጂንካዋ! ስድቤን ሰማሽው?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«መጀመሪያ ጨርሰው።»

ጓደኞቹ «ኡ!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ቤት በአምስት ደቂቃ አደረሰ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ድንጋዩን ገፍቶ፣ ቦዩን ዘሎ፣ ተመልሶ ያንኑ ድንጋይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀምበት «ይቺን እዩ! ድንጋይዋን አትጣሏት ትላለች! ይቺን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ!» ብሎ ጮኸ። ትጊ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ዳጊ ሙዚቃው በመጣ ቁጥር ጉልበቱን ይመታል። እኔ አንገቴ ላይ ይሞቀኝ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀው ልጅ ድንጋይ ሲገፋ ልቤ ይመታል ብዬ አላስብም ነበር።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሦስተኛው ቤት ደረሰና ቆመ። ቁልፉን ተጫነ፤ ሽማግሌው «ቤቶች» አለ፤ ልጁ ግን በዚያው ቅጽበት ወደ በሩ ገፋው። ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። እንደገና። እንደገና። ከላይ ሊዘል ሞከረ። ድንጋይ አምጥቶ በሩን ሊሰብር ሞከረ። ከሥር ሰዉ «ልቀቀው»፣ «ደንቆሮው»፣ «ወደ ሌላ ጌም» እያለ ይጽፋል። አሥር ሰዓት ሆነ። ከኋላ ያለው ጓደኛው አዛጋ። «ትዕግሥት፣ እወድሻለሁ፣ ግን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምጨምረው» አለ የአብሥራ፤ አሁን አይስቅም፤ ለእሷ አዝኖላት ነው። ያ ከሳቁ ይብሳል። ትጊ እጇን ሰደደችና የካንጋተኑን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። እስክሪብቶውን ከፈተች። ስሟን ሙሉ በሙሉ፣ እስከ አያቷ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈች። የቀረው ፊርማው ነው።

ተነሳሁ። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ሽንት ቤት የምሄድ ሳይመስላቸው አልቀረም። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

እኔ ሠሪ አይደለሁም። ሕጉን ያወጣሁትም እኔ አይደለሁም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። በገዛ እጄ ሚስማር የመታሁበት በር ፊት ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ስወጣ ስገባበት አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም፤ ማን በቤቱ ደጅ ቆሞ ይጣራል? አፈርኩ። ጎረቤት ቢያየኝ ጃጀ ይለኛል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቤቶች!»

ውስጥ ጸጥ አለ። ስልኩ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። በሩን አልነካሁትም። አንድ። ሁለት። የዳጊ ወንበር ሲጢጥ ሰማሁ። ትጊ ወዲያው እንደገባት አውቃለሁ፤ እንደማትመልስም አውቃለሁ፤ ብትመልስ ፍንጭ ነው። ሦስት። «ማነው? ሰው መጣባችሁ እንዴ?» አለ የአብሥራ ከስልኩ። የመለሰለት የለም። አራት። «ትዕግሥት፣ በር ላይ ሰው ቆሟል እኮ። ትልቅ ሰው ናቸው መሰለኝ።» አምስት። እግሬ ሊቀድመኝ ፈለገ፤ ያዝኩት። «ኧረ ነውር ነው! ሰው ደጅ አቁማችሁ ዝም ትላላችሁ?» ስድስት።

«ይግቡ አባቴ! ይግቡ!» አለ የአብሥራ፣ ከአዲስ አበባ፣ በእኔ ቤት።

ከፍቼ ገባሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ትጊ አፏን በመዳፏ ይዛለች። የዳጊን ስልክ አየሁ። ልጁ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ዓይኑ ወደ ጌሙ ሄዷል። ጣቱን ቀስ አድርጎ አስጠጋና ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነ። ሽማግሌው «ቤቶች!» አለ። የአብሥራ ሁለት እጁን ፖሊስ እንደሚፈትሸው ሰው ወደ ላይ አነሳ። ሰባት ላይ ጌሙ ውስጥ በቤቱ መስኮት ብርሃን በራ።

«ደጆች! ይግቡ!»

ከስልኩ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ልጁ ቆሞ ይጮኻል፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወርዷል፣ ሶፋው ላይ የተጋደሙት ተነስተዋል። «ቁልፍ አይደለም! ማውጫ አይደለም! ሰውየው እየተጣራ ነው! አባቴ ገጠር ይዞን ሲሄድ በር ላይ አቁሞ ያስጠራን ነበር እኮ! እኔ ነኝ የረሳሁት!» ዳጊ ጠረጴዛውን ሲመታ ሳምቡሳው መሬት ወረደ። ትጊ እያለቀሰች ነው ወይም እየሳቀች፤ ከጎን ሆኖ አይለይም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም፣ ሲገባውም ሳይገባውም እየጮኸ አለፈ። በር በመጣ ቁጥር እጁን ያነሳል፤ ከሥር የሚጽፈው ሰው ሁሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ አብሮት ይቆጥራል። ዘጠነኛው ቤት የሽማግሌው የራሱ ቤት ነው። ገባ፤ በሩ ተዘጋበት። ዘለለ፣ ገፋ፣ መውጫ አጣ። ሊናደድ ሲል ከውጭ የሌላ ሰው «ቤቶች!» ተሰማ። የአብሥራ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ያንኑ ቁልፍ ተጫነ፤ ሽማግሌው በዚህኛው ጊዜ «ደጆች! ይግቡ!» አለ። በሩ ተከፍቶ ስምንቱም ቤት የሠርግ ልብሱን ለብሶ ገባ።

መጀመሪያ የተናገረው ከኋላ ያለው ጓደኛው ነው። «ሽማግሌው ፍንጭ ሰጥተዋል። ይሰረዛል።»

የትጊ ፊት ተለወጠ።

«አባቴ፣ ይሰሙኛል?» አለ የአብሥራ። «እውነቱን ይንገሩኝ። ጌሙ ውስጥ እጅዎ አለበት?»

«እግሬ ነው ያለበት» አልኩ።

ትጊ ዞራ አየችኝ። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ልጁ ትንሽ አሰበና መሳቅ ጀመረ፤ ስገባ እግሬ ሲጎተት ሰምቶ የገባው ይመስለኛል።

«ለምን ወጡ ታዲያ?»

«ለመግባት።»

«በቃ!» አለ ወደ ጓደኛው ዞሮ። «ማንም አልነገረኝም። ሰው በር ላይ ቆመ፣ እኔ ራሴ ይግቡ አልኩ። አፌ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቴ ነው ያላወቀው። ጌሙ ያደረገኝም ይህንኑ ነው። ስምንት ተኩል! አንዱን የቀነስኩት ጀልባዋ ስለምትጎተት ነው። ግማሹ ደግሞ በእንግሊዝኛው ‹ሀውስስ› ብሎ ለተረጎመው ሰው ነው፤ ያን ሰው ፈልጉልኝ።»

ዳጊ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ትጊ ብድግ ብላ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ቆመች። ስልኩ ወዲያው ይጮኽ ጀመር፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይገባል። አሥራ አንድ ከአሥር ሆኖ ነበር። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አነሳሁ። አየችኝ፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ እሺ አለችኝ። ባጃጅ ያዝኩ፤ ሹፌሩ ሃያ ብር አለኝ፣ አልተከራከርኩም።

የሥራ ወረቀቱ የሚገባበት ቢሮ ውስጥ ሙሉሽ የምትባል ልጅ ብቻዋን ነበረች። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ፊርማ የለውም አባባ።»

«አትፈርምም። ለተጠባባቂው ስጡት።»

«ቋሚ ሥራ እኮ ነው! ምን ልትሠራ ነው?»

«ጌም ትሠራለች» አልኳት። ይህን ቃል እንደ ሥራ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ ምንም አልሆነም።

ሙሉሽ አልሳቀችም። ወረቀቱ ላይ ጻፈች፣ ማኅተም አደረገች፣ መዝገብ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ግራና ቀኙን አይታ ስልኳን ከመሳቢያ አወጣችና ወደ እኔ አዞረችው። ሽማግሌው አንድ በር ላይ ቆሟል።

«ስርጭቱን እያየሁ ነው ያወረድኩት» አለች በሹክሹክታ። «ስድስተኛው ቤት ላይ ባለጉዳይ መጣብኝና እንዴት እንዳለፈው ሳላይ ቀረሁ። ቤቶች እላለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ማንም አይመልስም። እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚደረገው አባባ?»

አየሁት። አውቀዋለሁ፤ እኔን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

«አስቢበት» አልኳትና ወጣሁ።